በደሴና በኮምቦልቻ የመኪና አደጋ ካሳ ክርክሮች፤ ከመዝገብ ቤት ያልወጡ ፍርዶች

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ፣ ከ1 ሺህ 800 እስከ 1 ሺህ 900 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋች የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል የሚያልፍ አሽከርካሪ ሁሉ ፍሬኑንና ማርሹን እየተቆጣጠረ፣ ከፊቱ ያለውን ኩርባ እያሰላ መጓዝ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ተሽከርካሪ ብዛትም ዓይነትም ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያመራው ጥንታዊ አውራ ጎዳና በሁለቱም ከተሞች ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደው መስመር ይገናኘዋል። ከተማዋ ፋብሪካዎችን፣ ደረቅ ወደብና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ የያዘች በመሆኗ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሱባታል። በዚያው አስፋልት ላይ የከተማ ሚኒባስ፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ገበያተኛ እግረኛ ይጋፋሉ።

አደጋ ሲደርስ ዜናው የሟቾችንና የቁስለኞችን ቁጥር ይናገራል። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ዞን ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሕይወታቸውን ባጡ ጊዜ የአገሪቱ የመገናኛ ብዙኃን አደጋውን በሰፊው ዘግበውታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2023 ያወጣው ሪፖርት በመላው ዓለም በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ እንደሚሞቱ ያመለክታል። ሆኖም ዜናው ካበቃ በኋላ የሚጀምር ሌላ ታሪክ አለ። አባወራውን ያጣ ቤት ማን ያኖረዋል? እግሩን ያጣ የቀን ሠራተኛ ከእንግዲህ በምን ይተዳደራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የፍትሐ ብሔር ችሎት ነው።

የፍትሐ ብሔር ችሎቱ ታሪክ ግን እምብዛም አይነገርም። የወንጀሉ ክስ በዓቃቤ ሕግ እጅ ስለሆነ ተጎጂው ባይንቀሳቀስም ይቀጥላል። የካሳው ክስ ግን ተጎጂው ራሱ ካላነሳው የሚያነሳለት የለም። ተጎጂው ክሱን ለማንሳት፣ ለመደራደር ወይም ለመታረቅ ሲወስን ደግሞ አንድ መሠረታዊ መረጃ ያስፈልገዋል። ይኸውም እርሱን የመሰለ ተጎጂ በዚያው አካባቢ ፍርድ ቤት ከዚህ ቀደም ምን ያህል እንደተፈረደለት ማወቅ ነው። ትልቁ ክፍተት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ለተጎጂው የቆመ ቢሆንም፣ ሕጉ በሥራ ላይ እንዴት እንደዋለ የሚያሳዩት ፍርዶች በአብዛኛው ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ አልወጡም።

ሕጉ ከማን ጎን ቆሟል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በዝርዝር ይደነግጋል። በአንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን የመካስ ግዴታ አለበት። ይህ አጠቃላይ ደንብ ነው። ከሳሹም የተከሳሹን ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ስለ ሞተር ተሽከርካሪ ሲሆን ግን ሕጉ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪው ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለንብረቱ ከኃላፊነት አይድንም። መኪናው ጉዳቱን ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ሊወጣ ይችላል። አንቀጽ 2086 ደግሞ ባለንብረቱ ጥፋት አልሠራሁም፣ የጉዳቱ ምክንያት አይታወቅም ወይም አደጋው የደረሰው በሦስተኛ ወገን ጥፋት ነው በማለት ብቻ ሊያመልጥ እንደማይችል ያስቀምጣል። ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው።

የዚህ ድንጋጌ ትርጉም በሐረጎ ቁልቁለት ላይ በግልጽ ይታያል። ፍሬን በጠሰ የተባለ የጭነት መኪና መንገደኛ ቢገጭ፣ ባለንብረቱ መኪናውን በየጊዜው ያስመረምር እንደነበር ማስረዳቱ ከካሳ አያድነውም። ሕጉ አደገኛ መሣሪያ ይዞ የሚጠቀም ሰው ከጥቅሙ ጋር ጉዳቱንም እንዲሸከም ያደርገዋል። ተጎጂው ሊያስረዳ የሚገባው በዚያ መኪና መጎዳቱን፣ የመኪናውን ባለንብረት ማንነትና የጉዳቱን መጠን ነው።

ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሌላ ደንብ ይመጣል። በአንቀጽ 2084 መሠረት ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋፅኦ እንዳደረጉ ይቆጠራል። ኃላፊዎቹም የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ከሁለቱ አንደኛው አሽከርካሪ ብቻውን ወይም በዋናነት አጥፊ እንደነበረ ሲረጋገጥ ግን ይህ ግምት ይፈርሳል። በዚህ ዓይነቱ ክርክር የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው ፕላንና ሪፖርት ከፍ ያለ ቦታ የሚይዘው ለዚህ ነው።

የወንጀሉ ውጤትም ተጎጂዎችን ሲያሳስት ይታያል። አሽከርካሪው በወንጀል ክሱ በነፃ ከተሰናበተ ካሳ መጠየቅ አይቻልም የሚል እምነት በኅብረተሰቡ ውስጥ አለ። አንቀጽ 2149 ግን የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነፃ ማሰናበት ውሳኔ እንደማይታሰር ይገልጻል። የወንጀል ሕጉ ከጥርጣሬ የጸዳ ማስረጃ ይፈልጋል። የፍትሐ ብሔሩ ሚዛን ከዚህ የተለየ ከመሆኑም በላይ የባለንብረቱ ኃላፊነት በአሽከርካሪው ጥፋት ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም።

ጊዜውን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ የደረሰው የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ በደነገገለት ወንጀል ሲሆን ያ ረዥሙ ጊዜ ተፈጻሚ እንደሚሆን ሕጉ ቢገልጽም፣ በዚህ ላይ ተማምኖ መዘግየት ለክርክር በር ይከፍታል። የወንጀሉ ፍርድ እስኪሰጥ፣ ሐዘኑ እስኪወጣ ወይም ሽማግሌ እስኪመለስ በሚል ምክንያት ሁለቱ ዓመታት በቀላሉ ሊያልፉ ይችላሉ።

ክርክሩ የሚጠነክረው በገንዘቡ ላይ ነው

ባለንብረቱ ኃላፊ መሆኑ በሕግ የተወሰነ በመሆኑ የችሎቱ ዋና ክርክር ወደ ካሳው መጠን ይሸጋገራል። ሕጉ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ሊካስ እንደሚችል ያስቀምጣል። ችግሩ እነዚህን ሁለት መርሆዎች ወደ ቁጥር መለወጡ ነው።

ለአብነት ያህል በኮምቦልቻ በጫኝና አውራጅነት የሚተዳደር የ30 ዓመት ሰው በመኪና ተገጭቶ 40 በመቶ የመሥራት ችሎታውን አጣ እንበል። በወር 3 ሺህ ብር ያገኝ እንደነበረና እስከ 60 ዓመቱ ሊሠራ ይችል እንደነበረ ከታመነ፣ የዓመት ገቢው 36 ሺህ ብር፣ ከዚህ ውስጥ በጉዳቱ የሚቀርበት 14 ሺህ 400 ብር ይሆናል። ይህ በ30 ዓመት ሲባዛ 432 ሺህ ብር ይመጣል። ሆኖም በዚህ ስሌት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የክርክር ጭብጥ ነው። ገቢው በምን ይረጋገጣል? የጉዳቱን መቶኛ የወሰነው ማን ነው? የወደፊቱ ገንዘብ ዛሬ በአንድ ጊዜ ሲከፈል መቀነስ አለበት ወይስ የለበትም?

ለመንግሥት ሠራተኛ ወይም ለፋብሪካ ተቀጣሪ የደመወዝ ማስረጃ ማቅረብ ቀላል ነው። ለቀን ሠራተኛ፣ ለጉልት ነጋዴ ወይም ለአርሶ አደር ግን ገቢን በወረቀት ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል። ሕጉ ይህን አስቀድሞ በመገንዘብ በአንቀጽ 2102 የጉዳቱን ትክክለኛ መጠን ማረጋገጥ በማይቻልበት ጊዜ ዳኞች በርትዕ እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ርትዕ የተጎጂው መጠጊያ ነው። ይሁን እንጂ ርትዕ ልክ የሌለው ሲሆን ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰባቸው ሁለት ሰዎች በሁለት ችሎቶች የተለያየ ካሳ ሊፈረድላቸው ይችላል። ያለፉ ፍርዶችን አሰባስቦ ማነጻጸር የሚያስፈልገው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ሞት ሲደርስ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። በአንቀጽ 2095 መሠረት የሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ተወላጆች በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው የኑሮ ጉዳት በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ይህ መብት ከውርስ የተለየ ነው። ጠያቂው በሟች ይረዳ የነበረ መሆኑን ማስረዳት ስለሚጠበቅበት የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ ከቀበሌ የሚገኝ ማረጋገጫና የጎረቤት ምስክርነት በመዝገቡ ውስጥ ይካተታሉ። ሁኔታው ሲፈቅድም ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ በሚከፈል ገንዘብ ምትክ በየጊዜው የሚከፈል መተዳደሪያ እንዲሰጥ ሊወስን ይችላል።

የሕሊና ጉዳት ካሳ ደግሞ የሕጉን ዕድሜ በግልጽ ያሳያል። አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1 ሺህ ብር መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ክብደት ነበረው። ዛሬ ግን ልጇን ላጣች እናት የሚሰጠው ይህ መጠን የሐዘን ድንኳን ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ገደቡ በሕግ ካልተሻሻለ በቀር ዳኛው ሐዘኑ ቢሰማውም ከዚያ በላይ ሊሄድ አይችልም።

የመድን ጣሪያና የባለንብረቱ አቅም

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ አስገዳጅ ሥርዓት ዘርግቷል። ይህ አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። የ2000ው አዋጅ ሲወጣ ለሞት የሚከፈለውን ካሳ ከ5 ሺህ ብር እንዳያንስና ከ40 ሺህ ብር እንዳይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር አድርጎ ወስኗል። እነዚህን መጠኖች ሕግ አውጪው በየጊዜው ሊያሻሽላቸው ስለሚችል ተጎጂው አደጋው በደረሰበት ቀን ጸንቶ የነበረውን መጠን ማጣራት ይኖርበታል።

ዋናው ቁም ነገር ግን የመድኑ ጣሪያ የካሳው ጣሪያ አለመሆኑ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የጫኝና አውራጅ ምሳሌ የመድን ድርጅቱ 40 ሺህ ብር ቢከፍል ከ432 ሺህ ብሩ ውስጥ ከአንድ አሥረኛ ያነሰውን ሸፈነ ማለት ነው። ቀሪውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ባለንብረቱ ይከፍላል። ይህን ያላወቀ ተጎጂ የመድኑን ክፍያ ተቀብሎ ጉዳዩ እንዳለቀ ሊቆጥር ይችላል። በተለይም የክፍያ ሰነዱ ላይ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ማንንም አልጠይቅም የሚል ቃል ሰፍሮ ከሆነ ሳያነብ የፈረመው ፊርማ በኋላ ይከራከረዋል።

አደጋ አድርሶ የተሰወረ መኪና ባለቤቱ ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መድን የሌለው ሆኖ ሲገኝ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር ሕጉ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ ተገጭተው ለሚወድቁ እግረኞች ይህ ወሳኝ ነው። ሆኖም ፈንዱ ዘንድ ለመቅረብም ቢሆን አደጋው ወዲያውኑ ለፖሊስ መመዝገብ አለበት።

ባለንብረቱ ማን እንደሆነ መለየትም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ተሽከርካሪዎች ጥቂት አይደሉም። በሊብሬው ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ሸጬዋለሁ ሲል፣ ገዛሁ የሚለው ደግሞ ገና አልተዛወረልኝም ሲል ተጎጂው በሁለቱ መካከል ይንገላታል። ስለዚህ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ከመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የባለንብረትነት ማረጋገጫ ማውጣት፣ እንዲሁም መኪናው እንዳይሸጥ ፍርድ ቤቱ እግድ እንዲሰጥ መጠየቅ የፍርዱን አፈጻጸም ይወስናል። ባለንብረቱ ከአንዲት ባጃጅ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ሲሆን ደግሞ ትልቅ ፍርድ በወረቀት ላይ ሊቀር ይችላል።

የአውቶቡስ ተሳፋሪ ጉዳይ በሌላ መንገድ ይታያል። ተሳፋሪውን ከአጓጓዡ ጋር የሚያገናኘው የማጓጓዝ ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአጓጓዡን ኃላፊነት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በ40 ሺህ ብር ወስኖት ነበር። በአንድ አደጋ መኪናው ውስጥ የነበረውና መንገድ ዳር ቆሞ የተገጨው ሰው በተለያዩ ሕጎች ሊዳኙ መቻላቸው ለተራው ሰው እንግዳ ነው። ክሱን በየትኛው ሕግ ላይ መመሥረት እንደሚገባ ለመለየት ያለፉ ውሳኔዎችን መመርመር ግድ ይላል።

ሽምግልናው የሚደረገው በምን መረጃ ነው?

በወሎ ምድር ደም ሲፈስ ቀድሞ የሚነሳው ሽማግሌ ነው። አበጋር በመባል የሚታወቁት የባሕል ዳኞች ቂምን አስቀርተው ቤተሰብን ከቤተሰብ በማስታረቅ ስማቸው የታወቀ ነው። በመኪና አደጋም ጊዜ የአሽከርካሪው ወገኖች ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ለተዝካርና ለልጆች ማሳደጊያ የሚሆን ገንዘብ ያቀርባሉ። ይህ ልማድ ሰላምን የሚያወርድ በመሆኑ ሊከበር የሚገባው ነው።

ሕጉም ዕርቅን ያበረታታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በጽሑፍ የተደረገ የግልግል ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሐዘን ላይ ያለች እናት በሽማግሌ ፊት 50 ሺህ ብር ተቀብላ ስትፈርም፣ ፍርድ ቤት ብትሄድ የሚፈረድላት ከዚህ ይብለጥ ይነስ በምን ታውቃለች? ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው ባለንብረት ወይም የመድን ድርጅቱ ወኪል ብዙ መዝገብ ያየ ነው። እርሷ ግን ይህ ነገር በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

በተለይ የልጆች መብት ሊዘነጋ አይገባም። ልጆች በአባታቸው ወይም በእናታቸው ሞት የሚጠይቁት ካሳ የራሳቸው መብት እንደመሆኑ በዕርቅ ሰነዱ ላይ የእነርሱ ድርሻ ተለይቶ መጻፍ ይኖርበታል። ሽማግሌዎችም ገንዘቡን ከመቁረጣቸው በፊት ፍርድ ቤቶች በተመሳሳይ ጉዳይ የሰጡትን ውሳኔ ቢያውቁ ዕርቁ ይበልጥ የጸና ይሆን ነበር። በመረጃ ላይ የተመሠረተ ዕርቅ ከዓመታት በኋላ ተታለልኩ የሚል ክርክር አይከተለውም።

ፍርዶቹን ፍለጋ

ያለፉ ፍርዶችን ለማግኘት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ይመራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰየመው ይህ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አድርጓል። አዋጁ እነዚህ ውሳኔዎች ታትመው እንዲሠራጩም አዝዟል። በመሆኑም በየቅጹ የታተሙት ጥራዞች በዳኞች፣ በጠበቆችና በሕግ ተማሪዎች እጅ ይገኛሉ። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ቢተካም የሰበር ትርጉም አስገዳጅነት ቀጥሏል።

እነዚህ ጥራዞች ለመኪና አደጋ ክርክር ትልቅ እገዛ ያደርጋሉ። ሆኖም ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ነው። ጥራዞቹ ባለንብረት ማለት ማን እንደሆነ፣ ይርጋ እንዴት እንደሚቆጠር ወይም የመድን ድርጅት ኃላፊነት እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ያስረዳሉ። አንድ የደሴ ችሎት ለተቆረጠ እግር፣ ለጠፋ ዓይን ወይም ለሞተ አባወራ በተለምዶ ስንት እንደሚወስን ግን አይናገሩም። የፍሬ ነገርና የመጠን ጉዳይ የሚያልቀው በሥር ፍርድ ቤቶች ነው። ለሕትመት የታዘዙት ደግሞ የሰበር ውሳኔዎች እንጂ የሥር ፍርድ ቤት ፍርዶች አይደሉም።

የሥር ፍርድ ቤቶቹን መዝገብ መፈለግ የራሱ ውጣ ውረድ አለው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት ከሳሹ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ስለዚህ በኮምቦልቻ የደረሰ አደጋ ክስ በዚያው ሊከፈት ወይም ባለንብረቱ ወደሚኖርበት ከተማ ሊሄድ ይችላል። በገንዘቡ ልክ ጉዳዩ በወረዳ ወይም ደሴ በሚገኘው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። ከሳሹ በአማራ ክልል፣ ተከሳሹ በሌላ ክልል ነዋሪ ሲሆኑ ደግሞ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ያየዋል። ወደ ጅቡቲ በሚወስድ መንገድ ላይ ከሌላ ክልል የመጣ የጭነት መኪና ሰው ሲገጭ የሚገጥመው ይኸው ነው።

እንዲህ በተለያዩ ቦታዎች የተበተኑ መዝገቦች ሲቆለፉ ወደ መዝገብ ቤት ይገባሉ። የሚታወቁትም በመዝገብ ቁጥርና በተከራካሪዎች ስም እንጂ በጉዳዩ ዓይነትና በካሳው መጠን አይደለም። ፍርዱ በግልጽ ችሎት የተነበበ ቢሆንም፣ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ሊያገኘው አይችልም። ልምድ ያለው ጠበቃ በራሱ ፋይል ያከማቸውን ያህል ያውቃል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው፣ ዳኝነት እንኳ በደሃ ደንብ አስፈቅዶ የሚከስ ሰው ግን ከዚህ እውቀት ውጭ ነው።

በአንድ ቅጂ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ለአደጋም የተጋለጠ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ባለፉበት ጊዜ የሁለቱ ከተሞች የመንግሥትና የሕዝብ ተቋማት ለዘረፋና ለጉዳት ተዳርገዋል። ይህ ተሞክሮ ሰነድን በወረቀት ብቻ፣ በአንድ ሕንፃ ብቻ ማኖር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አስተምሯል። ባለጉዳዮችም የፍርዳቸውን የተረጋገጠ ግልባጭ በወቅቱ አውጥተው በእጃቸው መያዝ እንዳለባቸው ያሳያል።

የቀረው ሥራ

ችግሩ አዲስ ሕግ ሳይወጣም ሊቃለል የሚችል ነው። ፍርድ ቤቶች የተዘጉ የመኪና አደጋ ካሳ መዝገቦችን ለይተው የጉዳቱን ዓይነት፣ የተጎጂውን ዕድሜና ገቢ፣ የተጠየቀውንና የተፈረደውን ገንዘብ የሚያሳይ አጭር ዝርዝር ቢያወጡ ከፍተኛ ጥቅም ይሰጣል። የተከራካሪዎችን ስም ማውጣት አያስፈልግም። በሁለቱም ከተሞች የማስተማሪያ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሕግ መምህራኑና ተማሪዎቹ አማካይነት ይህን ሥራ ሊያግዝ ይችላል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ዳኛው ርትዕን በልክ እንዲጠቀምበት፣ ጠበቃው ለደንበኛው እውነቱን እንዲነግር፣ የመድን ድርጅቱም አስቀድሞ ተገቢውን አቅርቦ ክርክሩን እንዲያሳጥር ይረዳል።

ተጎጂዎችም እስከዚያ ድረስ ከእጃቸው ሊያመልጥ የማይገባ ነገር አለ። አደጋው በደረሰበት ዕለት ለትራፊክ ፖሊስ ማስመዝገብ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የመድን ተለጣፊውን መያዝ፣ ከሆስፒታል የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ማውጣት፣ ለሕክምናና ለመጓጓዣ የወጣበትን ደረሰኝ ማስቀመጥ ይገባል። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የካሳ ጥያቄን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብ እንደሚቻልም ማወቅ ይጠቅማል። ከሁሉም በላይ ሁለቱን ዓመት መቁጠርና ያላነበቡትን ሰነድ አለመፈረም ያስፈልጋል።

መንገዱ ቢሰፋና የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ቢጨምር አደጋው ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። አደጋው ሲደርስ ደግሞ ሕጉ ለተጎጂው የሚሰጠው ከለላ በወረቀት የተጻፈውን ያህል ጠንካራ የሚሆነው ተጎጂው ሲያውቀው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ላይ ልጁን፣ አባቱን ወይም ጉልበቱን ያጣ ሰው በሽማግሌም ሆነ በዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ ከእርሱ በፊት በዚያው መንገድ ላይ የተጎዱት ምን እንደተፈረደላቸው አውቆ ሊቀርብ ይገባዋል። መልሱ የተጻፈው በዚያው ከተማ፣ በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ባሉት ፍርዶች ውስጥ ነው።